ዶሮ ሲጠፋ፦ በላተኛውን ከምልክቱ መለየትና መከላከል

ሜዳ ውለው ማታ የሚገቡ ዶሮዎች መጥፋት ሲጀምሩ ብዙ ሰው አጥሩን በእሾህ ማጥበቅ ይቀናዋል። ጭልፊት ግን በአጥር በኩል አትመጣም፤ ሸለምጥማጥም ዛፍ ወጥቶ በላይ ይዘላል። ከማጠር በፊት የሚታየው ሌላ ነው፦ የጠፋው በቀን ነው ወይስ በሌሊት? ሬሳ ተገኝቷል? ከተገኘስ የቱ ጋ ነው የተነከሰው?

ሬሳ ካለ በንክሻው ዙሪያ ያለውን ላባ ነጭታችሁ ቆዳውን በቢላ ሰንጥቁ። ከቆዳው ሥር ደም ቋጥሮ ከጠቆረ ዶሮዋ የተነከሰችው በሕይወት ሳለች ነው። ንክሻ እያለ ደም ካልቋጠረ አውሬው ያገኛት ከሞተች በኋላ ነው፤ ያኔ ነገሩ በሽታ እንጂ የሽቦ ጉዳይ አይደለም። ከቀሩት ዶሮዎች መካከል አረንጓዴ የሚያስቀምጣት ወይም አንገቷ የሚጠመዘዝ ካለች ፈንግል ጠርጥሩ፤ ሬሳውን ከዚህ በላይ ሳትከፍቱ በጥልቀት ቅበሩና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ።

ጫጩት በቀን ይጠፋል፣ ምልክት የለም

ጭልፊት ወይም ጭላት ናት። እናቲቱ ድንገት ትጮሃለች፣ ክንፏን ትዘረጋለች፣ ሲቆጠር አንድ ጎድሏል። አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ነው።

ከቀርከሃ ወይም ከአጣና ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 60 ሳ.ሜ. የሆነ ወለል የሌለው ተንቀሳቃሽ ጎጆ ሠርታችሁ ላዩንና ጎኑን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ። እናትና ጫጩቶች ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር ቀኑን በዚያ ይዋሉ፤ ጎጆውን በየቀኑ ወደ አዲስ ሣር አዙሩ። ግማሹን በጆንያ ወይም በሣር አልብሱት፣ አለበለዚያ ፀሐዩ ከጭልፊቷ ባላነሰ ይጎዳቸዋል። ከወር በኋላ ስትለቋቸው መኖና ውኃውን ከጣራ ሥር ወይም ከቁጥቋጦ ጥላ አድርጉት፣ ጫጩት ሲደነግጥ መሮጫው ቅርብ ይሁን። ትንሽ ግቢ ከሆነ ከላይ በየ30 ሳ.ሜ. ሲባጎ መወጠር ተወርውራ እንዳትወርድ ያግዳታል። የሚያብረቀርቅ ሲዲ ማንጠልጠልና ማስፈራሪያ መትከል የሚሠራው ለጥቂት ቀን ነው፤ ቦታው ካልተቀያየረ ትለምደዋለች። የዶሮና የበግ ሆድ ዕቃ፣ የሞተ አይጥ ሜዳ ላይ የሚጣልበት ግቢ ደግሞ ጭላትን በየዕለቱ ምሳ እንደ መጋበዝ ነው፤ ቅበሩት።

ሌሊት ብዙ ይገደላል፣ የሚበላው ጥቂት ነው

አንገታቸው ላይ ተነክሰው በየቦታው ከወደቁ ሸለምጥማጥ ነው፣ ወይም ሙጭልጭላ። ሸለምጥማጥ ጠባብ ቤት ውስጥ ከገባ የሚራወጠውን ሁሉ ይነክሳል። ቀምሶታልና ተመልሶ ይመጣል፤ ጥገናው ለነገ የሚባል አይደለም።

የገባበትን ለማግኘት አንዱ ሰው ቀን ላይ ቤቱ ውስጥ ገብቶ በሩን ይዝጋና ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ ሁሉ ይቁጠር። ብዙውን ጊዜ በግድግዳና በጣራ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ቆርቆሮው ሞገድ ስለሆነ ማገሩ ላይ ሲያርፍ ተከታታይ ቀዳዳ ይተዋል። ለአየር ያስፈልጋልና በጭቃ አትድፈኑት፣ ቀዳዳው ከ12 እስከ 13 ሚ.ሜ. የሆነ በብየዳ የተያያዘ ወንፊት ሽቦ ምቱበት። ባለ ስድስት ማዕዘኑ የተለመደው የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳይወጣ እንጂ አውሬ እንዳይገባ አልተሠራም፣ በጥርስና በጥፍር ይቀደዳል። ሽቦውንም በሚስማር ብቻ አታያይዙት፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጣውላ ደርባችሁ በየ10 ሳ.ሜ. ምቱ። ለጣራው የተጠጋ ቅርንጫፍ እስከ 2 ሜትር ድረስ ይቆረጥ።

ቤቱ በእንጨት እግር የቆመ ከሆነ እያንዳንዱን እግር ከመሬት 60 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ 40 ሳ.ሜ. ወርድ ባለው ለስላሳ ላሜራ ጠቅልሉ፤ ጥፍር አይዝም። መሰላሉ ግን ማታ ካልተነሳ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

ጭንቅላቷ ወይም እግሯ ብቻ የለም

አውሬው አልገባም፣ በሽቦው ቀዳዳ ስቦ ነው የበላው። የታችኛውን 60 ሳ.ሜ. በጠባቡ ወንፊት ደርቡ፣ ቆጡንም ከሽቦው 30 ሳ.ሜ. አርቁ። ለአንዲት ዶሮ 20 ሳ.ሜ. የቆጥ ቦታ ይበቃል፤ ሲጠብባቸው የተገፋችው ሽቦው ሥር ታድራለች።

ትልቅ ዶሮ ትጠፋለች፣ ላባው ወደ ጫካ ይመራል

ቀበሮ፣ አነር ወይም የዱር ድመት። ሰዓታቸው ማለዳና ምሽት ነው። በሩን ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት አትክፈቱ፣ ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ዝጉ። የሚዘገዩትን ለማስለመድ 5 ቀን ቤት ውስጥ ዘግታችሁ አቆዩአቸው፣ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አንድ እፍኝ እህል እዚያው በትኑ።

ከሥር ቆፍሮ የሚገባ ካለ ወደ ታች መቆፈር አያስፈልግም፤ 60 ሳ.ሜ. ወርድ ያለው ሽቦ ከግድግዳው ወደ ውጭ መሬት ላይ አንጥፋችሁ ድንጋይ ጫኑበት፣ ቆፋሪው ከግድግዳው ሥር ሲጀምር ጥፍሩ ሽቦ ያገኛል። ቁጥቋጦ ደግሞ ሁለት ስለት አለው፦ ከጭልፊት ይሸሽጋል፣ ለአነር ማድፈጫ ይሆናል። በግቢው መካከል ያለው ይቆይ፣ ዳር ዳሩ 10 ሜትር ያህል ይመንጠር።

እንቁላል ይጠፋል

ቅርፊት ሳይቀር ከጠፋ እባብ ወይም በቀን ቁራ። ድንጋይ አጠገብ ተፈርክሶ ከተገኘ ሙጭልጭላ፤ እንቁላሉን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ወርውሮ ነው የሚሰብረው። ጎጆው ውስጥ ጭዱ ረጥቦ ከዶሮዎቹ የአንዷ ማንቁር ላይ አስኳል ከደረቀ በላተኛዋ ራሷ ናት፤ ደቅቆ የተፈጨ የተቆላ የእንቁላል ቅርፊት ስጧት፣ እንቁላል የምትጥልበትንም ቦታ አጨልሙ። ለሁሉም ግን እኩለ ቀንና አመሻሽ ላይ መሰብሰብ ይጠቅማል። ጎጆ ውስጥ እጅ ከመግባቱ በፊት በባትሪ ይታይ፣ እፉኝት ጭድ ውስጥ ብትተኛ አትለይም።

መርዝ

ሬሳ ላይ ፀረ ተባይ መነስነስ ሸለምጥማጡን ሳይሆን ውሻውን፣ ጥንብ አንሳውንና የጎረቤትን ድመት ነው የሚፈጀው። በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በባሌ ከፍታዎች ደግሞ ቀይ ቀበሮ አለ፤ የሚኖረው በዋናነት አይጥ በመብላት ነው፣ የቀሩትም ትልልቆቹ ከ500 በታች ናቸው። ስሙ ከተራው ቀበሮ ጋር ስለሚመሳሰል በማይበላው ዶሮ እንዳይከሰስ።

በሩ በሥርዓቱ ተቀርቅሮ አንዲት ላባ ሳትወድቅ አምስት ዶሮ ከጠፋስ? ሸለምጥማጥ ሲወጣ መቀርቀሪያ አይመልስም። ለበዓል ሰሞን ቁልፍ ግዙ፣ ማጠፊያውንም ከውጭ በማይፈታ ብሎን እሰሩ።