ባለብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤትን ወደ ባሕር ማዶ ገበያ ማስፋት፦ ከአቅርቦት መጀመር

ደንበኛው ባንኮኒው ላይ አዝዞ፣ ዓይኑ እያየ የተዘጋጀለትን ምግብ በደቂቃዎች ውስጥ የሚቀበልበት ባለብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤት ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ሲያስብ፣ ባለቤቶቹ አስቀድመው የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ «የት እንክፈት?» ብለው ነው። በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለበት፣ ሰላጣው፣ ዶሮውና ዳቦው በየቀኑ ከማን፣ በምን ዋጋና በምን ጥራት እንደሚመጣ ማወቅ ነው። ማክዶናልድስ እ.ኤ.አ. በ1990 ሞስኮ ውስጥ ሲከፍት የሚፈልገውን ግብዓት በገበያው ስላላገኘ የራሱን የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ እስከ መገንባት ደርሷል። ይህን ያህል አቅም ያለው ድርጅት ጥቂት ነው።

ስለዚህ የኪራይ ውል ከመፈረምዎ በፊት ዋና የወጥ ቤት ባለሙያዎን ወደ አገሩ ይላኩና ሙሉውን ምናሌ በዚያው በተገኘ ግብዓት ብቻ ያሠሩ። ቲማቲሙ ውኃ የበዛበት ከሆነ ስጎው ይቀጥናል፤ ዶሮው ወፈር ተደርጎ የሚቆረጥ ከሆነ የመጥበሻው ጊዜ ይረዝማል፤ በምሳ ሰዓት ደግሞ የአንድ ደቂቃ መዘግየት ሰልፉን እስከ በሩ ያደርሰዋል። ዕቃዎቹንም አይርሱ። ለ60 ኸርዝ ኤሌክትሪክ (ሞገዱ በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚመላለስ) የተሠራ ማሽን 50 ኸርዝ ወዳለበት አገር ሲወሰድ፣ ቮልቴጁ በትራንስፎርመር ቢስተካከል እንኳ፣ ተራ ሞተሩ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ምግቡን በሚንቀሳቀስ መረብ ላይ እያሳለፈ የሚያበስል ምድጃ ከሆነ ምግቡ ውስጡ ስለሚቆይ ያሳርረዋል።

ከምናሌው ምን እንደሚጸና፣ ምን እንደሚለወጥም በጽሑፍ ይወስኑ። ማክዶናልድስ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕንድ ሲገባ የበሬም የአሳማም ሥጋ አላቀረበም፤ የአትክልትና የሥጋ ምግብ ማዘጋጃውን ከመለየቱ በቀር ግን የአሠራር ሥርዓቱን በአብዛኛው አልቀየረም። የአሜሪካው ባለብዙ ቅርንጫፍ ቡና ቤት ስታርባክስ በአንጻሩ ጥሩ ቡና በየመንደሩ ወደሚገኝባት አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2000 ገብቶ በፍጥነት ሲስፋፋ ከቆየ በኋላ፣ በ2008 ከ84 ቅርንጫፎቹ 61ዱን ዘግቷል።

የንግድ ምልክትን በጊዜ ማስመዝገብ ርካሹ ሥራ ነው። በርገር ኪንግ አውስትራሊያ ውስጥ ስሙ በሌላ ሰው ተይዞ በማግኘቱ እስከ ዛሬ የሚሠራው ሀንግሪ ጃክስ በሚል ስም ነው። በማድሪድ ሥርዓት አማካይነት በአንድ ማመልከቻ ለብዙ አባል አገሮች ጥበቃ መጠየቅ ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የአጋር ምርጫ ነው። በራስ ገንዘብ መክፈት ቁጥጥሩን ያጠነክራል፣ ኪሳራውንም ለብቻ ያሸክማል፤ ለአገሩ ባለሀብት ፍራንቻይዝ (በእርስዎ ስምና አሠራር የመሥራት ፈቃድ) መስጠት ደግሞ ገንዘቡንና የአካባቢ ዕውቀቱን ያመጣል፣ ጥራቱን ግን ከእጅ ሊያወጣ ይችላል። ቅርንጫፎቹን በራሱ ሲያስተዳድር የኖረው የሜክሲኮ ዓይነት ምግብ የሚሸጠው የአሜሪካ ድርጅት ቺፖትሌ እንኳ መካከለኛው ምሥራቅ ለመግባት እ.ኤ.አ. በ2023 የውጭ ድርጅቶችን ቅርንጫፎች ከሚያስተዳድረው የኩዌት ኩባንያ ከአልሻያ ግሩፕ ጋር ተዋውሎ፣ በቀጣዩ ዓመት ኩዌት ውስጥ ከፍቷል። በውሉ ሮያሊቲው (አጋሩ ለስምዎና ለአሠራርዎ የሚከፍልዎት ድርሻ) ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ እንዲሰላ፣ በየዓመቱ የሚከፈተው የቅርንጫፍ ቁጥር በግልጽ እንዲጠቀስ፣ ውሉ ሲቋረጥም የኪራይ መብቱ ወደ እርስዎ የሚተላለፍበት አንቀጽ እንዲኖር ያድርጉ። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ብዙዎች የሚያስታውሱት ከተጣሉ በኋላ ነው።

ቦታ ፍለጋው ተራው የሚደርሰው አሁን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወይም አራት ቅርንጫፎች በአንድ ከተማ፣ አንድ የማቀዝቀዣ መኪና በአንድ ጠዋት ሊያዳርሳቸው በሚችል ርቀት ይክፈቱ።