የጀልባ መጸዳጃን መጠገን ወይስ መቀየር፦ እኔ የወሰንኩት እንዴት ነው
በባለ ሸራ ጀልባዬ ላይ ያለው በእጅ ፓምፕ የሚሠራ መጸዳጃ፣ የተጣለውን ውኃ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወደ ሳህኑ መመለስ ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ልቀይረው አስቤ ነበር። ሆኖም አዲስ ከመግዛቴ በፊት ፈትቼ ማየትን መረጥሁ።

በቅድሚያ በጀልባው አካል ላይ ያሉትን የመግቢያና የመውጫ ቫልቮች ዘጋሁ፤ መጸዳጃው ከውኃው ወለል በታች የተተከለ በመሆኑ ይህን መዘንጋት ጀልባን እስከ ማስጠም ሊያደርስ ይችላል። ፓምፑን ስፈታው በመውጫው በኩል ያለው፣ የወጣው ውኃ እንዳይመለስ የሚያግደው የጎማ ቫልቭ ደርቆ ከንፈሮቹ (የመክፈቻው ጠርዞች) መግጠም አቅቷቸው፣ ቱቦውም ሽንትና የባሕር ውኃ ሲገናኙ በሚፈጠረው ኖራ መሰል ቅርፊት ጠብቦ አገኘሁት።

ውሳኔዬን የወሰነው የፓምፑ ሲሊንደር ነበር። የውስጥ ግድግዳው ተቧጥሮ ቢሆን ኖሮ የፒስተኑ የጎማ ቀለበት ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ውኃ ከማሳለፍ አያግደውም፤ እንዲያ ከሆነ፣ ወይም ሳህኑ ከተሰነጠቀ፣ መቀየሩ ይሻላል። ሁለቱም ደህና ስለነበሩ የጎማ ቫልቩንና ቀለበቱን ብቻ ተካሁ። ቱቦውን ግን ሽታው ጎማው ውስጥ ዘልቆ ስለገባ አላተረፍሁትም፤ በአዲስ ቀየርሁት። ከዚያ ወዲህ ውኃው አልተመለሰም፤ ቅርፊቱ ዳግም እንዳይከማች ደግሞ አልፎ አልፎ ኮምጣጤ አፍስሼ ሌሊቱን አሳድራለሁ።