ያረጀ መኪና ሙቀት ሲጨምር፦ ጥፋቱ የራዲያተሩ መሆኑን መለየትና ጥሩ ምትክ መምረጥ

የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሃል አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ ባለመኪናው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ራዲያተሩን ቀይረው» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ሞተርን የሚያሞቁ ምክንያቶች ብዙ ስለሆኑ፣ ራዲያተርም በየቀኑ የሚገዛ ዕቃ ስላልሆነ፣ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ምልክቱን በትዕግሥት ማንበብ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉትን ዲኤክሶች፣ ኮሮላዎችና ቪትዞች ጠብቆ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ክፉኛ ከፈላ ደግሞ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊጣመም ስለሚችል የጥገናው ወጪ ከራዲያተሩ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ከሁሉም በፊት አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ሞተሩ ትኩስ ሳለ የራዲያተሩ ክዳን አይከፈትም። ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ታፍኖ የቆየ ስለሆነ ክዳኑ በተነሣበት ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና እጅን ያቃጥላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ክዳኑን ከፍተው ይመልከቱ» የሚል ሁሉ የሚፈጸመው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ውሃው ይፈላል፣ ወደ ተጠባባቂው ዕቃ ይገፋል፦ ክዳኑ

በደጋ ከተሞች ለምንነዳ ሰዎች ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበት የራዲያተሩ ክዳን ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በተከፈተ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የብዙ የጃፓን መኪኖች ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቫልቭ) በ82 ዲግሪ ገደማ መከፈት ይጀምራል፤ የኤሌክትሪክ ፋናቸው ደግሞ የሚነሣው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተው፣ ንጹሕ ውሃ የሞላው ራዲያተር ፋኑ ገና ሳይነሣ መፍላት ሊጀምር ይችላል ማለት ነው። ጤነኛ ክዳን ግን ውሃውን በ0.9 ባር ግፊት አፍኖ ሲይዝ የመፍያውን ነጥብ በዚሁ ከተማ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። በጥቂት ብር የሚገኝ ዕቃ ከ20 ዲግሪ የሚበልጥ የደኅንነት ርቀት ይሰጣል።

የደከመ ክዳን ምልክቶች ግልጽ ናቸው። የተጠባባቂው ውሃ ዕቃ መኪናው ሲሞቅ ይሞላል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ውሃው ወደ ራዲያተሩ ተመልሶ አይሳብም። ጠዋት የላይኛው የጎማ ቱቦ ጠፍጥፎ ከተገኘ ደግሞ አየር የምታስገባው ትንሿ ቫልቭ ተጣብቃለች። የክዳኑን የውስጥ ጎማ ይመልከቱ፤ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም የራዲያተሩ አንገት ቅርጽ በጥልቀት ከታተመበት ይቀየር። በአናቱ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይገኛል፤ አዲሱም ያንኑ ቁጥር የያዘ ይሁን። ከፍ ያለ ቁጥር መርጦ ያረጀ ራዲያተር ላይ መግጠም የደከመውን ስፌት ማፈንዳት ነው።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው በራሴ መኪና ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ጋራዥ የኮሮላዬን ራዲያተር አስቀየረኝ፤ በሳምንቱ ውሃው እንደገና ፈላ። አሮጌው ክዳን በአዲሱ ራዲያተር ላይ ተመልሶ ተገጥሞ ነበር። ክዳኑ ሲቀየር ችግሩ ጠፋ፤ የወረደው ራዲያተርም በኋላ በውሃ ሲፈተሽ ምንም እንከን አልነበረበትም።

ሲቆም ይሞቃል፣ ሲሄድ ይበርዳል፦ ፋኑ

መኪናው በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ሲውል መርፌው የሚወጣ፣ ቀለበት መንገድ ላይ ሲፈጥን ግን የሚወርድ ከሆነ ራዲያተሩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የጎደለው ነፋስ ነው። በዲኤክስና በመሰል አሮጌ ሞተሮች ፋኑን የሚያዞረው ቺንጊያ ስለሆነ መላላቱንና መንሸራተቱን ይፈትሹ። ፋኑ የኤሌክትሪክ ከሆነ ፊውዙን፣ ሪሌውንና የሙቀት ስዊቹን በቅደም ተከተል ማየት ነው። በፋኑ ዙሪያ ያለው የላስቲክ ከለላም በአደጋ ወይም በጥገና ጊዜ ወልቆ ከቀረ፣ ፋኑ ነፋሱን በራዲያተሩ በኩል መሳቡን ትቶ በዙሪያው ያለውን አየር ብቻ ያዞራል። ከለላውን ፈልጎ መመለስ ይገባል።

በከተማ ደኅና ነው፣ በረጅም ዳገት ይሞቃል፦ መረቡ

እውነተኛው የራዲያተር ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው በዚህ መንገድ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሞቃት አየርና በቀስታ ይወጣል። በአዲስ አበባ ጎዳና ግማሽ አቅሙ ይበቃው የነበረ ራዲያተር ጉድለቱ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ እዚህም መጀመሪያ የሚፈተሸው ውጫዊው ክፍል ነው። ቀጫጭኖቹ ቱቦዎችና ክንፎች ያሉበት መረብ በአቧራ፣ በጭቃና በነፍሳት ሊደፈን ይችላል። ኤር ኮንዲሽነር ባለው መኪና ደግሞ ቆሻሻው የሚከማቸው ከፊት በማይታየው በሁለቱ መረቦች መካከል ነው። ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ በለስላሳ ውሃ ይታጠብ፤ የመኪና ማጠቢያ ከፍተኛ ግፊት ክንፎቹን አጥፎ ነገሩን ያባብሰዋል።

ውጩ ንጹሕ ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ የውስጡን መደፈን መለየት ይቻላል። ሞተሩን እስኪሞቅ ካሠሩ በኋላ አጥፍተው፣ ፋኑ በድንገት እንዳይነሣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅለው፣ መረቡን በጥንቃቄ በእጅ ወይም በርቀት ሙቀት መለኪያ ይዳስሱ። ሙቀቱ ከመግቢያው ወደ መውጫው ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት፤ በመካከል ለብቻው ቀዝቅዞ የሚገኝ ሰፊ ቦታ ካለ በዚያ በኩል ውሃ አያልፍም። በኖራ የበለጸገ ውሃ ለዓመታት የተሞላበት መኪና፣ በተለይ ድሬዳዋን በመሰሉ ጠጣር ውሃ ባላቸው ከተሞች የቆየ፣ በዚህ ችግር ይጠቃል። ከዚሁ ጋር የታችኛው የጎማ ቱቦ ሞተሩ ሲፈጥን ተስቦ የሚጨማደድ መሆኑን ማየት አይዘንጋ፤ ምልክቱ ከተደፈነ ራዲያተር ጋር አንድ ነው፣ መድኃኒቱ ግን ቱቦ መቀየር ብቻ ነው።

በጥቂት ደቂቃ ይሞቃል ወይም ውሃ ያለ ፍሳሽ ይጎድላል

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በፍጥነት ሞቆ የታችኛው ቱቦ ቀዝቃዛ ሆኖ ከቀረ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም አልስማማበትም፤ ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል፣ በአንዳንድ ሞተሮች ላይም የውሃው ከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ እንዲዞር ያደርጋል። በአዲስ ይተካ።

ውሃ የሚጎድለው መሬት ላይ ሳይንጠባጠብ ከሆነ፣ ከጭስ ማውጫው ነጭና የማይቋረጥ እንፋሎት ከወጣ፣ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ወይም ገና በቀዝቃዛነቱ ሲነሣ ቱቦዎቹ ወዲያው ጠጥረው ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ፣ ጥርጣሬው ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ወዳለው ማሸጊያ) ይዞራል። በዚህ ሁኔታ አዲስ ራዲያተር መግዛት ምንም አይፈይድም።

ጥፋቱ የራዲያተሩ ከሆነ፦ ጥገና ወይስ ቅያሪ?

ይህ በተሠራበት ቁስ ይወሰናል። አሮጌዎቹ ራዲያተሮች ከመዳብና ከነሐስ የተሠሩ ስለሆኑ ቀዳዳቸው በእርሳስ ይበየዳል፤ ታንካቸው ተከፍቶ ቱቦዎቹ ይጠረጋሉ፤ ጥሩ ባለሙያ ከተገኘም የድሮው ታንክ ሳይጣል መረቡ ብቻ በአዲስ ይተካል። የዲኤክስዎ ራዲያተር የመዳብ ከሆነ በቀላሉ አይልቀቁት። በኋላ የመጡት ግን የአሉሚኒየም መረብና የላስቲክ ታንክ በጎማ ማሸጊያ ተጣጥፈው የተያያዙባቸው ናቸው። ታንኩ ከዓመታት ሙቀት በኋላ ቡናማ ሆኖ ይሰባበራል፣ በመጋጠሚያው ላይም የደረቀ ኩላንት (ከውሃ ጋር የሚቀላቀል የራዲያተር ፈሳሽ) ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱካ ይታያል። በማጣበቂያ መለጠፍ ከረጅም መንገድ ወደ ቤት ለመድረስ ካልሆነ አያዛልቅም። ክንፎቹ በጣት ሲነኩ እንደ ዱቄት የሚራገፉ ከሆነም መጠገን ትርጉም የለውም። ፍሳሽ ይደፍናል ተብሎ የሚጨመረው ዱቄት ቀዳዳውን ሲደፍን የቀጫጭኖቹን ቱቦዎች መተላለፊያም ስለሚያጠብ አልመክረውም።

ምትኩን መምረጥ

በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በሌሎች መለዋወጫ መደብሮች «ኦርጅናል» የሚለው ቃል ለብዙ የተለያየ ነገር ይነገራል፤ ከጃፓን መኪና ላይ የወረደ ያገለገለ ዕቃም፣ የጃፓን ስም በካርቶኑ ላይ የታተመበት አዲስ ዕቃም በዚሁ ስም ይሸጣል። ስለዚህ «ኦርጅናል ነው?» ከማለት «የየትኛው ፋብሪካ ሥራ ነው? ውፍረቱስ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ዴንሶ ለቶዮታ ራዲያተር የሚያቀርብ ፋብሪካ ነው፤ ኮዮ የተባለው የጃፓን አምራችና የዴንማርኩ ኒሰንስም በምትክ ራዲያተር የታወቁ ናቸው። ሆኖም የታወቀ ስም ስለሚመሰልበት ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን መመርመር ግድ ነው።

ወደ ገበያ ሲሄዱ ከሊብሬው ላይ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር፣ ከተቻለም አሮጌውን ራዲያተር ራሱን ይዘው ይሂዱ። «ኮሮላ» ማለት ብቻ በቂ አይደለም፤ አንድ ዓይነት አካል ያለው መኪና በሞተሩ መጠንና በካምቢዮው ዓይነት የተለየ ራዲያተር ይይዛል። የመረቡ ቁመትና ወርድ፣ የሁለቱ ቱቦዎች አቅጣጫና የአፋቸው ስፋት፣ የታች መቀመጫ ጫፎቹ፣ የፋኑ ብሎን ቦታዎችና የሙቀት ስዊቹ ቀዳዳ አንድ በአንድ ይነጻጸሩ።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው የመረቡ ውፍረት ነው። በአንድ ቁመትና ወርድ 16 ሚሊ ሜትርም 26 ሚሊ ሜትርም ውፍረት ያለው ይገኛል፤ በአንዳንድ ካርቶኖች ላይም ፒኤ 16 ወይም ፒኤ 26 ተብሎ ይጻፋል። ቀጭኑ ርካሽ ነው፣ ይገጥማል፣ በከተማም ያለ ችግር ይሠራ ይሆናል። መኪናው በዝርዝሩ 26 የተመደበለት ሆኖ 16 ከተገጠመለት ግን በመጀመሪያው ረጅም ዳገት ላይ ባለመኪናው አዲስ ራዲያተር ይዞ ወደ ቀድሞ ችግሩ ይመለሳል። ማስመሪያ ይዞ መሄድ ከሻጩ ጋር ከመከራከር ያድናል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ላለው መኪና ሌላ ጉዳይ አለ። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዝበት ቱቦ በራዲያተሩ ታንክ ውስጥ ስለሚያልፍ ሁለት ተጨማሪ መግቢያዎች ያስፈልጉታል፤ የማንዋል ራዲያተር አይሆነውም። ይህ የውስጥ ቱቦ ከተበላ ውሃና ዘይት ተደባልቀው እንደ ሮዝ ወተት ይሆናሉ፣ ካምቢዮውም ይጠፋል። ስለዚህ ለአውቶማቲክ መኪና ያገለገለ ራዲያተር እንዲገዛ ፈጽሞ አልመክርም።

ለማንዋል መኪና ያገለገለ ከተመረጠ በባትሪ ብርሃን በአንገቱ በኩል ወደ ውስጥ ይመልከቱ። የቱቦዎቹ አፍ ንጹሕና ክፍት መሆን አለበት፤ ነጭ ቅርፊት፣ የዝገት ጭቃ ወይም የማሸጊያ ዱቄት ቅሪት ካለ ይተዉት። አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ከመክፈልዎ በፊት አፎቹ ተደፍነው ውሃ ውስጥ ተነክሮ በ1 ባር ገደማ አየር እንዲፈተሽ ይጠይቁ፤ በጎማ መሙያ ኮምፕሬሰር ሙሉ ግፊት መንፋት ግን ደኅናውን ያፈነዳዋል። የላስቲኩ ታንክ የተያያዘባቸው የብረት ጥርሶች በሙሉ እኩል የታጠፉ፣ ክንፎቹም ቀጥ ብለው ከቱቦዎቹ ጋር የተጣበቁ ይሁኑ። ካልገጠመ ወይም ካፈሰሰ የሚመለስበት ቀን ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

አገጣጠም

አዲሱ ከመገጠሙ በፊት ሞተሩ ውስጥ ያለው ዝገት ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ድረስ ይታጠብ፤ ካልታጠበ ቆሻሻው በሙሉ አዲሶቹ ቱቦዎች ላይ ያርፋል። ክዳኑ፣ ቴርሞስታቱና የደረቁ የጎማ ቱቦዎች በዚያው ቀን ይቀየሩ። ውርጭ ባናስብ እንኳ ኩላንት ዝገትን ስለሚከላከልና የመፍያውን ነጥብ ስለሚያሳድግ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀል፤ አስቀድሞ የተቀላቀለ መሆን አለመሆኑን ዕቃው ላይ ያንብቡ። «የባትሪ ውሃ» ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ አሲድ ስለሆነ የተጣራ ውሃ መሆኑ ሳይረጋገጥ ራዲያተር ውስጥ አይግባ።

ሲሞላ የካቢኑ ማሞቂያ ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ መኪናው በአፍንጫው በኩል ከፍ ብሎ ይቁም፣ ክዳኑ ገና በቀዝቃዛነቱ ተከፍቶ ሞተሩ በዝግታ ይሥራ፤ የታፈነው አየር በአረፋ ሲወጣ ደረጃው እየታየ ይጨመር። አረፋው ሲያቆም ክዳኑ ይዘጋና ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ እስኪጠፋ ይጠበቅ። በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ከፍተው ደረጃውን እንደገና ይመልከቱ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታትም ይህን ይደጋግሙት። አሮጌውን ራዲያተር እስከዚያ ድረስ አይሽጡት፤ የታች መቀመጫ ጎማዎቹ፣ የማፍሰሻ ቡሹና የፋኑ ማሰሪያዎች ከአዲሱ ጋር ሳይመጡ ሊቀሩ ይችላሉ።