የፍሳሽ ኮሚቴ ሲቋቋም፦ ከአባላቱ በፊት ጥያቄው

የፍሳሽ ቆሻሻ አቤቱታ ሲበዛ የአካባቢ ምክር ቤቶች ቶሎ የሚደርሱበት ውሳኔ «ኮሚቴ ይሰየም» የሚል ነው። ውሳኔው ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ ሰዎቹ ከሥራው ቀድመው መመረጣቸው ነው። «የፍሳሽን ችግር አጥንቶ ያቅርብ» ብቻ የተባለ ኮሚቴ ከስድስት ወር በኋላ የሚያመጣው ሪፖርት ነዋሪው በአፍንጫው የሚያውቀውን መልሶ የሚነግር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቢጋሩ፣ ማለትም የኮሚቴውን ሥራና ወሰን የሚዘረዝረው ሰነድ፣ ይጻፍ፤ ሁለት ገጽ ይበቃዋል። ጥያቄው ከአማራጮች አንዱን በመምረጥ የሚመለስ ይሁን። ለምሳሌ፦ «ከዋናው መስመር ላልተገናኙ ቤቶች መስመር ይዘርጋ ወይስ የሴፕቲክ ታንካቸው (የቤት ፍሳሽ የሚጠራቀምበት የተዘጋ ጉድጓድ) በመርሐ ግብር ይመጠጥ? ኮሚቴው የሁለቱንም የግንባታና የ20 ዓመት ማስኬጃ ወጪ አነጻጽሮ በ120 ቀን ውስጥ የውሳኔ ሐሳብ ያቅርብ።» ኮሚቴው አማካሪ ይሁን ወሳኝ፣ የትኞቹን ሰነዶች ማየት እንደሚችል፣ የላቦራቶሪ ወጪውን ማን እንደሚከፍልና መቼ እንደሚፈርስ እዚያው ይስፈር። የማብቂያ ቀን የሌለው ኮሚቴ አይፈርስም፤ ምልዓተ ጉባኤ እያጣ ይከርማል።

ለአባላት ብዛት 7 ወይም 9 ይመረጣል። ጎዶሎ ቁጥር የሚረዳው ሁሉም ሲገኝ ብቻ ስለሆነ፣ ድምፅ እኩል ሲከፈል ሰብሳቢው ያለበት ወገን ያሸንፍ እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን። ከምክር ቤቱ ሁለት፣ ከጤና አንድ፣ ከፋይናንስ አንድ፣ ከማጣሪያ ጣቢያው አንድ። ከጣቢያው ሥራ አስኪያጁ ብቻ መምጣቱ በቂ አይደለም፤ መስመሩ የት የት እንደሚደፈን የሚያውቀው ማንሆል የሚከፍተው ሠራተኛ ነው። ከነዋሪዎች ደግሞ ከማጣሪያው በታች ባለው ወንዝ የሚጠቀሙት አይረሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው። ብዙ ፍሳሽ የሚለቁ ፋብሪካዎችና ቄራዎች መረጃቸው ያስፈልጋል፣ ድምፃቸው ግን አያስፈልግም፤ ተጋብዘው ያስረዱ። በኋላ ጨረታ ሊገባ የሚችል ተቋራጭ ወይም አማካሪ አባል አይሁን። እያንዳንዱ አባል የጥቅም ግጭት እንዳለበት ወይም እንደሌለበት በመጀመሪያው ስብሰባ በጽሑፍ ያሳውቅ፣ በቃለ ጉባኤም ይመዝገብ።

የመጀመሪያው ወር የክርክር ሳይሆን የልኬት ወር ነው። ቤቶች ከሚጠቀሙት ውሃ 80 በመቶ ያህሉ ወደ ፍሳሽ ይመለሳል ተብሎ በተለምዶ ይሰላል። መስመር በተዘረጋላቸው ሰፈሮች በቀን 2,000 ሜትር ኩብ ውሃ ከተሸጠ ማጣሪያው ዘንድ 1,600 ገደማ ይጠበቃል። በጣም ካነሰ ያልተገናኙ ቤቶች ወይም የሚያፈስ መስመር ይፈለግ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚያሻቅብ ከሆነ የጣሪያና የመንገድ ውሃ ከፍሳሽ መስመሩ ተቀላቅሏል። ዝናብ ሳይኖር ሰው በተኛበት ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ብዙ የሚፈስ ከሆነ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ በተሰነጠቀ ቱቦ እየገባ ሊሆን ስለሚችል፣ የማጣሪያ ማስፋፊያ ከመጠየቅ በፊት ቱቦው ይጠገን።

ናሙና ላይ ስህተት ይበዛል። የፍሳሹ የብክለት መጠን ከሰዓት ሰዓት ስለሚለያይ በአንድ ሰዓት የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ያታልላል። በየሰዓቱ እየተቀዳ እንደ ፍሰቱ መጠን የተደባለቀ የ24 ሰዓት ናሙና ይሻላል፤ በረዶ ባለበት ሳጥን በ4 ዲግሪ አካባቢ ተይዞ ሳይውል ሳያድር ላቦራቶሪ ይድረስ። የባክቴሪያ ናሙና ግን ለብቻው በተቀቀለና በታሸገ ንጹሕ ጠርሙስ ይቀዳል እንጂ ከዚህ ድብልቅ አይወሰድም። ባዮኬሚካል የኦክስጅን ፍላጎት የሚባለው ምርመራ (በፍሳሹ ያለውን ብስባሽ ለማብላላት ባክቴሪያዎች የሚጠቀሙትን ኦክስጅን የሚለካው) በ20 ዲግሪ 5 ቀን ስለሚወስድ፣ የስብሰባው ቀን ይህን አስቦ ይቆረጥ።

በመስክ ጉብኝት የኮሚቴ አባል ማንሆል ውስጥ አይግባ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲያንስ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ማሽተቻን ያደነዝዛል። «ሽታው ጠፋ» ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ክዳኑን የጋዝ መለኪያ የያዘ የሠለጠነ ቡድን ይክፈት።

አማራጮች ሲነጻጸሩ የግንባታው ዋጋ ተቆጥሮ መብራቱ፣ መለዋወጫውና ዝቃጩ ይረሳሉ። ሴፕቲክ ታንክ ዝቃጩና ተንሳፋፊው አንድ ሦስተኛውን ሲይዝ ይመጠጣል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በየ3 እስከ 5 ዓመት ነው። 3,000 ታንክ በየ4 ዓመቱ ቢመጠጥ በዓመት 750፣ በ250 የሥራ ቀን ደግሞ በቀን 3 ይሆናል። መድፊያው ቅርብ ከሆነ አንድ መኪና ሊወጣው ይችላል፤ መጠባበቂያ ግን የለውም። መድፊያ ካልተዘጋጀ መኪናው ጨለማን ተገን አድርጎ ወንዝ ውስጥ ይደፋል።

የነዋሪዎች ስብሰባ ሁለት ጊዜ ይደረግ፦ ልኬቱ እንዳለቀ አንዴ፣ ረቂቁ ሲወጣ አንዴ፤ ችግሩ ባለበት ሰፈር፣ ከሥራ መውጫ በኋላ።

የመጨረሻው ሪፖርት ለድምፅ የተዘጋጀ የውሳኔ ረቂቅ ይኑረው፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ፈጻሚው፣ የገንዘቡ ምንጭና ቀኑ ይጻፍ፤ ያልተስማሙ አባላት ሐሳብም ይያያዝ። ምክር ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ነጥብ በነጥብ «ተቀብያለሁ»፣ «አልቀበልም፣ ምክንያቱም…» ወይም «እስከዚህ ቀን አቆይቻለሁ» ብሎ በጽሑፍ እንዲመልስ ቢጋሩ ላይ አስቀድሞ ይግባ። ካርታው፣ የልኬት መዝገቡና ቃለ ጉባኤዎቹ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በፊርማ ከተላለፉ በኋላ ኮሚቴው ይፈርሳል።