የጣልያንኛን ቃል ከፒያሳ ጀምሮ መክፈል

ጣልያንኛ ለመማር ያሰበ የአዲስ አበባ ሰው ልምምዱን ከፒያሳ፣ ከመርካቶና ከጋራዥ ቢጀምር ይቀለዋል፤ ከቋንቋው ብዙ ቃላት አስቀድመው አፉ ላይ አሉና።

አንድን ቃል ወደ ቀለሞች፣ ማለትም አንድ ላይ ወደሚነገሩ የድምፅ ክፍሎች፣ ለመክፈል በመጀመሪያ አናባቢዎቹን ቁጠሩ፤ ያለ አናባቢ ቀለም የለም። በሁለት አናባቢዎች መካከል የገባ ነጠላ ተነባቢ ከተከታዩ አናባቢ ጋር ስለሚሄድ፣ እኛ ፍሬን የምንለው በምንጩ ፍሬ-ኖ ነው። የሚጠብቅ ተነባቢ ግን ለሁለት ይከፈላል፤ ጎማ ጎም-ማ፣ ፒያሳም ፒያት-ሳ ይሆናሉ። «ል»፣ «ም»፣ «ን» እና «ር» ሌላ ተነባቢ ሲከተላቸው ከፊተኛው ቀለም ጋር ይቀራሉ፤ ሜር-ካ-ቶ። «ስ» ለዚህ አትገዛም። ጆሯችን ፓስ-ታ ቢልም በጽሕፈት ሕጉ ቃሉ በመስመር መጨረሻ ሲቆረጥ ፓ-ስታ ነው።

ጥብቀት ለእኛ አዲስ አይደለም። ገና የተባለውን በዓል «ገና አልመጣም» ከሚለው ገና የሚለይ ጆሮ፣ ኖ-ኖን (ዘጠነኛን) ከኖን-ኖ (ከወንድ አያት) ለመለየት አይቸገርም። የሚያስቸግረን የድምፅ ጫናው፣ ማለትም አንዱን ቀለም ከሌሎቹ አጉልቶ መጥራቱ ነው፤ በአማርኛ ጫና ደካማ ስለሆነ ሁሉንም ቀለም እኩል እንጠራለን። በጣልያንኛ ጫናው አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀለም ላይ ይወድቃል፤ በሜር-ካ-ቶ «ካ» ላይ። መኪና የሰጠን ማክ-ኪ-ና ግን የሚጫነው በመጀመሪያው ነው። አንኮራ «አን» ላይ ሲጫን መልሕቅ፣ «ኮ» ላይ ሲጫን ደግሞ ያው የእኛ «ገና» ነው። ብዙ ቀለም ባለው ቃል የጫና ምልክት የግድ የሚጻፈው ጫናው በመጨረሻው ቀለም ላይ ሲሆን ነው፤ ካፍ-ፌ እንዲህ ይጻፋል (caffè)። ስለዚህ አዲስ ቃል ስትመዘግቡ የተጫነውን ቀለም አስምሩበት።

ለቃላት ምሥረታ ከጋራዥ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። አማርኛ ከሰበረ ሰባሪንና ስብራትን የሚያወጣው የቃሉን ውስጥ እየለወጠ ሲሆን፣ ጣልያንኛ ግን በቃሉ ላይ ቅጥያ ይጨምራል ወይም ሁለት ቃላትን ያጣምራል። ፓራፋንጎ «ይከላከላል» እና «ጭቃ»፣ ፖርቶመጋላ ያልነው ፖርታባጋልዪ ደግሞ «ይሸከማል» እና «ጓዝ» ናቸው። ማኪያቶም «እድፍ» ከሚለው ማክኪያ የወጣ ነው፤ ወተት ነካ ያደረገው ቡና ማለት እንጂ ስድብ አይደለም።

ቅጥያ ሲጨመር ጫናው እንደሚዛወር አትርሱ። ፒት-ሳ በመጀመሪያው ቀለም ተጭኖ ሳለ፣ መሸጫው ፒት-ሴ-ሪ-ያ ሲሆን ጫናው ወደ «ሪ» ይሄዳል፤ የተጫነ «ኢ» ከ«አ» ጋር ስለማይዋሐድ አራት ቀለም ይቆጠራል። በማክ-ኪያ-ቶ «ኢ» ስላልተጫነ፣ «ኪያ» በእኛ ፊደል ሁለት ቢመስልም አንድ ቀለም ብቻ ነው።