ደረጃ ሰንጠረዡ ለምን ያብዳል? የጠረጴዛ ጦርነት ውድድር ለምታዘጋጁ

ዋርሃመርም ይሁን ሌላ የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ (ጠረጴዛ ላይ በትናንሽ የወታደር ምስሎች፣ ማለትም በሚኒያቸር፣ እና በዳይስ የሚካሄድ)፣ ሁለት ውድድር ካለፈ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው። "እሺ፣ አንደኛው ማነው?" ያኔ ኤክሴል የሚችል አንድ ምስኪን ይመረጣል፣ ሰንጠረዥ ይሠራል፣ ትንሽ ቆይቶ ስልክ ማንሳት ያቆማል። ይሄ ለእሱ የተጻፈ ነው። እዚህ ሀዋሳ የምንጨቃጨቅባቸውን ቅሬታዎች ከነመንስኤያቸው ላስቀምጥ። ቀመሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን ምን እንዳስገባችሁበት እዩ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

"የማይቀር ሰው ሁሉ ከላይ ሆነ"

ነጥቡ ዝም ብሎ ስለሚደመር ነው። አሥር ውድድር ላይ መሀል ላይ የጨረሰ ሰው፣ ሦስት ብቻ ተጫውቶ ሦስቱንም የበላውን ይቀድመዋል። ቀላሉ መፍትሄ የእያንዳንዱን ሰው የዓመቱን ምርጥ አራት ውጤት ብቻ መቁጠር ነው። ዓመት ያለፈው ይውጣ።

ሌላው መንገድ ኤሎ ነው። የፊዚክስ መምህሩ አርፓድ ኤሎ ለቼዝ ያበጀው ስሌት ሲሆን የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። እዚህ ዋናው ነገር ስንት ጊዜ ተጫወትክ ሳይሆን ማንን አሸነፍክ ነው። ሁለት ሰዎች 200 ነጥብ ቢራራቁ፣ ከላይ ያለው ከመቶ 76 ያህሉን እንዲያሸንፍ ይጠበቃል። በአንድ ግጥሚያ ትልቁ ለውጥ 32 ነው ብላችሁ ከተነሳችሁ፣ ከላይ ያለው ሲያሸንፍ 8 ገደማ ያገኛል፣ ሲሸነፍ ግን 24 ገደማ ይነጠቃል። ደካማ እየመረጡ መግጠም አያዋጣም ማለት ነው። እኔ ኤሎን እመርጣለሁ፣ ከዚህ በታች ያለውም አብዛኛው ስለ እሱ ነው።

"አንድ ሰው ሁለት ቦታ ላይ አለ"

ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኤክሴል ሦስት። ጸጋዬና ፀጋዬም እንደዚያው። "ገብረ መድህን" አንዱ ጋ ተለያይቶ፣ ሌላው ጋ ተጣብቆ ይጻፋል። ስም አስተካክሉ እያሉ ሰው ከመለማመጥ ለእያንዳንዱ ተጫዋች መለያ ቁጥር ስጡ፣ ስሌቱም በቁጥሩ ይሂድ። ስሙ ለዓይን ብቻ ይሁን።

ቀኑም ላይ ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ኤሎ የሚሰላው በቅደም ተከተል ነው፤ የትኛው ግጥሚያ እንደቀደመ ካልታወቀ ውጤቱ ይለያያል። አንዱ ጥር 2017 ብሎ ያስገባል፣ ሌላው ያንኑ ሰሞን ጃንዋሪ 2025 ይላል፣ ኤክሴሉም የመጀመሪያውን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ይደረድረዋል። ጳጉሜ ላይ ከተጫወታችሁማ ጭራሽ 13ኛ ወር አላውቅም ይላችኋል። ስሌቱ የሚያየው አምድ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ይሁን፣ የእኛን ቀን ከጎኑ እንደ ተራ ጽሑፍ ጻፉት።

"ነጥቡ የሆነ ቦታ ያፈሳል"

ይሄ ቅሬታ ሳይሆን እናንተው በየጊዜው ማድረግ ያለባችሁ ምርመራ ነው። ሁሉም ከ1500 ከጀመረና ለሁሉም የለውጡ መጠን (ከላይ 32 ያልነው) እኩል ከሆነ፣ አንዱ ያገኘውን ነው ሌላው የሚያጣው። ስለዚህ የሁሉም ተጫዋች አማካይ ምንጊዜም 1500 ነው። ካልሆነ (አንድ ሁለት ነጥብ ከማጠጋጋት ሊመጣ ይችላል) የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ያለ ተጋጣሚ ያለፈውን ሰው ነው። 11 ሰው ከመጣ በየዙሩ አንዱ ይቀመጣል፣ ለውድድሩም እንደ አሸናፊ ይቆጠርለታል። እሺ፣ ለውድድሩ ይቆጠርለት። ለደረጃው ግን ማንንም አላሸነፈም፣ ዜሮ ለውጥ ነው። ከሁለተኛው ዙር በኋላ "እናቴ ደወለች" ብሎ የወጣው ልጅ ያልተጫወታቸው ዙሮችም እንዲሁ።

"የአዳማው 1700 ከእኛ 1700 ጋር እኩል ነው?"

አይደለም። ቢሆንም ማወቂያ የላችሁም። ትልቁ ችግር ይሄ ነው፣ ሰው ግን ሁልጊዜ ከቀመሩ ጋር ይጣላል።

ኤሎ የሚያውቀው ልዩነትን ብቻ ነው። ሀዋሳ ያለነው ከ1500 ጀመርን፣ አዳማ ያሉትም ከ1500 ጀመሩ፣ ሁለታችንም እርስ በርስ ስንጫወት ከረምን። አንዱ ከተማ ከሌላው እጅግ ቢበልጥ እንኳን የሁለቱም አማካይ 1500 ላይ ቁጭ ብሏል። ሁለቱን ዝርዝር ቀላቅላችሁ "አገር አቀፍ ደረጃ" ካላችሁት ያወጣችሁት ወሬ ነው። አዲስ አበባን ብትጨምሩበትም ያው ነው።

መድኃኒቱ መገናኘት ብቻ ነው። አንድ ሰው ልኮ ግን አይሆንም። እሱ አዳማ ሄዶ አሸንፎ ነጥብ ይዞ ቢመለስ፣ ያ ነጥብ ወደ ሌሎቻችን የሚደርሰው እሱን እዚህ ስናሸንፈው ነው፣ ጠብ ጠብ እያለ። ከላይም ከመሀልም ከታችም ሰው ይሂድ። ባቱ ለሁለታችንም መሀል መንገድ ናት፤ እነሱ በሞጆ ዞረው ይወርዳሉ፣ እኛ በሻሸመኔ እንወጣለን፣ ዓሣውም አለ። (ሚኒያቸሩን ጭናችሁ ላይ ያዙት። የሚኒባስ ጣሪያ ላይ የተጫነ ሠራዊት ሳይዋጋ ነው የሚያልቀው።)

በርከት ያሉ ግጥሚያዎች ከተሰበሰቡ በኋላ አንድ ማስተካከያ አለ። በቁጥሩ መሠረት ሀምሳ በሀምሳ መሆን የነበረበት ነገር በአንዱ ከተማ 64 በመቶ አሸናፊነት ካለቀ፣ ያ የ100 ነጥብ ልዩነት ነው። ለአሸናፊው ከተማ ሰው ሁሉ 50 ጨምሩ፣ ከሌላው 50 ቀንሱ። ከተማው ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል አይነካም። በአሥር ግጥሚያ ግን ይህን እንዳታደርጉ፣ አሥር ግጥሚያ የዳይስ ዕድል ነው። እስከዚያ ሁለት የተለያየ ዝርዝር አውጡ፣ ማንም አይሞትም።

"አንደኛው ሰውዬ ከነገሠ ወዲህ አይጫወትም"

እንዳይወርድ ፈርቶ ነው። ዓመት ሙሉ ካልተጫወተ ቁጥሩን ሳትነኩ ስሙን ከዝርዝሩ አውጡት፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ቼዝም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ቁጥሩን መቀነስ ግን አልስማማበትም፤ አልተሸነፈማ።

"ትናንት የመጣው ልጅ ሦስተኛ ሆነ"

በጥቂት ግጥሚያ ቁጥሩ ገና አልረጋም። ቼዝ ለጀማሪ እስከ 30 ግጥሚያ የለውጡን መጠን 40 ያደርገዋል፣ ለተለመደው ተጫዋች 20። እኛ 30 ለመድረስ ዕድሜ አይበቃንም፣ ስለዚህ አሥር እስኪሞላ ቁጥሩን አስሉ፣ ዝርዝሩ ላይ ግን አታውጡት። የለውጡን መጠን እንደ ቼዝ ካለያያችሁ ደግሞ ከላይ ያልኩት የ1500 ምርመራ አይሠራም።

"100 ለ 5 አሸንፌ ከ51 ለ 50 ጋር እኩል?"

አዎ፣ እኩል። ልዩነት ከተቆጠረ ሰው ጀማሪውን እስከ መጨረሻ ይረግጠዋል፣ ጀማሪውም ተመልሶ አይመጣም።

"ምንም ሳልቀይር ወረድኩ"

ሕጉ ተቀይሮ ይሆናል። የዋርሃመር 40,000 አሥረኛው እትም በ2023 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ከዚያም በኋላ የየሠራዊቱ ዋጋ (በብር ሳይሆን በጨዋታው ነጥብ) በየጊዜው ሲስተካከል ነው የቆየው። ቼዝ ላይ ፈረስ አይረክስም፣ እዚህ ይረክሳል። ቁጥሩ የሚለካው እናንተንና ሠራዊታችሁን አንድ ላይ ነው። ሰንጠረዡን አትንኩት፣ ዝርዝሩ ሥር "ከአዲሱ ሕግ በኋላ" ብላችሁ ቀኑን ጻፉ።

"ውጤቴ ተገልብጦ ገብቷል"

ሁለቱም የፈረሙበት ወረቀት አውጡ። እውነት ከሆነ የእሱን ቁጥር ብቻ በእጅ አትጠግኑ፤ ተጋጣሚውም፣ ከዚያ በኋላ የገጠሟቸው ሰዎችም ተነክተዋል። ውጤቱን አስተካክሉና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉንም እንደገና አስሉት።