የካታሎግና የፕሮሰሲንግ ክፍል ኃላፊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ተማሪ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ «ሀዲስ አለማየሁ» ብሎ ይጽፋል። «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ይመጣለታል። የደራሲው መጻሕፍት ግን አሥር እርምጃ ርቀው መደርደሪያው ላይ ቆመዋል። አንዱ ካታሎገር (መጻሕፍት መዝጋቢ) «ሐዲስ ዓለማየሁ» ብሎ መዝግቧል፤ ሌላዋ «ሃዲስ ዓለማየሁ»፤ ሦስተኛው ደግሞ የእንግሊዝኛውን ደንብ ተከትሎ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ብሎ ገልብጦታል። ሦስቱም በየራሳቸው ሕሊና ትክክል ናቸው። ጥፋቱ ከሦስቱ አንዱን መርጦ በጽሑፍ ያላስቀመጠው ኃላፊ ነው። ከዚህ በታች የምናነሳቸው አብዛኞቹ ስህተቶች የዚሁ ዘመዶች ናቸው።

የስም አጻጻፍን ለየካታሎገሩ መተው

የኢትዮጵያውያን ስም የራስ ስምና የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ስለዚህ አይገለበጥም። በማርክ (የመጽሐፍ መረጃ ለኮምፒውተር በሚመዘገብበት ቅርጽ) የደራሲው ስም በሚገባበት 100 ፊልድ የመጀመሪያው ኢንዲኬተር (መለያ አኃዝ) 0 መሆን አለበት፤ 1 ከሆነ «ይህ የቤተሰብ ስም ነው» ማለት ነው። ከውጭ በሚወርዱና ሰው በችኮላ በሚሞላቸው ሪከርዶች (የመጽሐፍ መዝገቦች) ላይ 1 ስለሚበዛ ይህችን አንዲት አኃዝ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ልዩ ሁኔታ አለ፤ በውጭ አገር የሚኖሩ፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፉና የአባታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚጠቀሙ ደራሲዎች በመረጡት መልክ ይገባሉ።

ጥምር ስሞችም ውሳኔ ይፈልጋሉ። ወልደ ሥላሴ፣ ገብረ ማርያም፣ ተክለ ሃይማኖት አንድ ስም ናቸው። «ኅሩይ ወልደ ሥላሴ» የሚለውን ሦስት ስም አድርጎ «ሥላሴ»ን አያት ማድረግ የሚያስቅ ቢመስልም የሚያጋጥም ነው። ተለይቶ ይጻፍ ወይስ ተጋጥሞ? አንዱን ይምረጡ። እንደ ብላቴን ጌታ፣ ፊታውራሪ፣ መምህር ያሉ መዓርጎች ከስሙ በፊት ሳይሆን በንዑስ ፊልድ ሲ ይግቡ፤ አለዚያ ፊታውራሪዎች ሁሉ ፊደል ፈ ሥር ይሰለፋሉ።

የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ (ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ) ሁለት ደንብ ይፈልጋል። 245 (የርእስ ፊልድ) ላይ ርእሱ መጽሐፉ ላይ እንደታተመ ይጻፋል፤ ማረም የካታሎገር ሥራ አይደለም። 100 ላይ ግን ለአንድ ደራሲ አንድ ቅርጽ ብቻ ይጸድቃል፤ ሌሎቹ በኦቶሪቲ ሪከርዱ (የጸደቀው ስም መዝገብ) 400 ፊልድ ይቀመጣሉ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፤ ኮሃ (የቤተ መጻሕፍቱ ሶፍትዌር) 400 ላይ ያለውን ቅርጽ በፍለጋ ውስጥ የሚያካትተው «ኢንክሉድ ሲ ፍሮም ኢን ሰርችስ» የሚባለው ምርጫ ሲበራና ዳታው እንደገና ኢንዴክስ ሲደረግ (የፍለጋ ማውጫው ሲታደስ) ነው። ይህ ካልተደረገ ኦቶሪቲ ላይ የፈሰሰው ጉልበት ሁሉ ተጠቃሚው ዘንድ አይደርስም። ለርእስ ደግሞ አማራጭ አጻጻፉን 246 ላይ መጨመር ይበቃል።

ዓመተ ምሕረትን ሰባት ወይም ስምንት ሳይጨምሩ ማለፍ

መጽሐፉ «2015 ዓ.ም.» ይላል። ካታሎገሩ ሲስተሙ ላይ 2015 ብሎ ሞላ። መጽሐፉ ሰባት ዓመት አረጀ፤ አዲስ መጽሐፍ በዓመት ለይቶ የሚፈልግ አያገኘውም፤ ያረጁ መጻሕፍት ሲወገዱም በስህተት ዝርዝር ውስጥ ይገባል።

ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 (ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ በሚመጣ ዓመት እስከ 21) ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። «የካቲት 2015» ከታተመበት 2023 ነው፤ «ጥቅምት 2015» ከሆነ 2022። ወር ከሌለ መገመት አያስፈልግም፤ 264 (የኅትመት ፊልድ) ላይ «2015 [2022 ወይም 2023]» ይጻፋል፤ 008 (ዓመት፣ አገርና ቋንቋ በኮድ የሚገቡበት ፊልድ) ላይ የዓመቱ ዓይነት q (አጠራጣሪ) ተብሎ ሁለቱም ዓመታት ይሞላሉ። የቆዩ መጻሕፍት ላይ ዓመቱ በግእዝ አኃዝ ይመጣል፤ ፲፱፻፶፰ 1958 መሆኑን ሁሉም ሠራተኛ ያነባል ብለው አያስቡ። የአኃዙን ሠንጠረዥ ከየኮምፒውተሩ አጠገብ መለጠፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ኮሃን እንደተጫነ መጠቀም

008 ፊልድ ላይ ሲጫኑ የሚከፈተው ቅጽ ካልተነካ ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጎ ይሞላል። ካታሎገሩ «እሺ» ብሎ ያልፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ «የአማርኛ መጻሕፍት ብዛት» የሚል ሪፖርት ሲጠየቅ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ ከሲስተም ምርጫዎች ውስጥ የ008ን ነባሪ ቋንቋ amh፣ ነባሪ አገሩን et ማድረግ ነው። ግእዝ gez፣ ኦሮምኛ orm፣ ትግርኛ tir መሆናቸውን ደግሞ በወረቀት ያድሉ።

ሁለተኛው፣ ነባሪው የመመዝገቢያ ፍሬምወርክ (የሚሞሉ ፊልዶች ቅጽ) ነው። ተቆጥረው የማያልቁ ፊልዶች ይዘረግፋል፤ አዲስ ሠራተኛ ያየውን ሁሉ ለመሙላት ይሞክራል ወይም ተስፋ ቆርጦ ርእስና ደራሲ ብቻ ይጽፋል። ለአማርኛ መጽሐፍ ሲስተሙ ራሱ ከሚጠይቃቸው ፊልዶች ሌላ 008፣ 020፣ 041፣ 082፣ 100፣ 245፣ 246፣ 250፣ 264፣ 300፣ 490፣ 650፣ 700 እና የቅጂው 952 ብቻ የያዘ ፍሬምወርክ ያዘጋጁ። ያለ እነሱ ሪከርዱ እንዳይቀመጥ የሚፈልጓቸውን «ግዴታ» ያድርጓቸው።

ዜብራ የተባለውን የኮሃ የፍለጋ ሞተር የሚጠቀሙ ከሆነ ኢንዴክሱ አይሲዩ በተባለው ዘዴ መሠራቱን ሲስተሙን ከሚያስተዳድረው ሰው ያረጋግጡ፤ በሌላው ዘዴ የላቲን ያልሆነ ፊደል ፍለጋ አስተማማኝ አይሆንም። ሌላ ትንሽ የምትመስል ጣጣ አለች፤ በ245 ርእስና ንዑስ ርእስ መካከል የሚገባው ምልክት የላቲኑ ሁለት ነጥብ ሲሆን፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ ግን የግእዙ «፡» ይገባል። በዓይን አይለዩም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው።

የወረደ ሪከርድን አምኖ መቀበል

በዜድ 39.50 (ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ሪከርድ መፈለጊያና ማውረጃ ስልት) ከአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሪከርድ ማውረድ ለእንግሊዝኛ መጻሕፍት ጊዜ ይቆጥባል። የአማርኛ መጻሕፍት ሪከርዶች ግን በአብዛኛው በላቲን ፊደል የተጻፉ፣ ከላይና ከታች ነጥብና ሰረዝ የበዛባቸው ናቸው። እንዲህ እንዳለ ከተቀመጠ አንድም አንባቢ አያገኘውም። ይውረድ፤ ነገር ግን 100 እና 245 በፊደላችን ተጽፈው ሳያልቁ «ተጠናቋል» አይባል።

አይኤስቢኤንን (የመጽሐፍ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥርን) ብቻ መለያ ማድረግም ያታልላል። የኢትዮጵያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በ978 99944 ይጀምራል፤ ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት ግን ቁጥር የላቸውም፤ አንዳንዱ አሳታሚም የአንዱን መጽሐፍ ቁጥር በሌላው ላይ ይደግመዋል። የማዛመጃ ደንቡ አይኤስቢኤን ብቻ ከሆነ ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት አንድ ሪከርድ ላይ ይደራረባሉ። ቁጥሩና ርእሱ አንድ ላይ ይመሳከሩ።

892.873ን ማጨናነቅ

በዲዊ (መጻሕፍትን በቁጥር የመመደቢያ ሥርዓት) የአማርኛ ልብ ወለድ 892.873 ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ ክምችት ሰፊ ክፍል እዚህ ቁጥር ላይ ይወድቃል። ታዲያ ከሥሩ የደራሲውን ስም ሦስት ፊደል ብቻ ካደረጉ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ተስፋዬ የሚሉ ስሞች በአንድ መደርደሪያ ተቆልለው መጽሐፍ መመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ይሆናል። የራስ ስም ሁለት ፊደልና የአባት ስም አንድ ፊደል ማድረግ ይሻላል፤ «ሐዲዓ» እንደማለት። ሐ እና ኀ በመደርደሪያ ላይ በየቦታቸው ይሁኑ ወይስ ከሀ ጋር ይቀላቀሉ የሚለውም ሌላ ውሳኔ ነው። እኛ መቀላቀሉን እንመርጣለን፤ ስም በትክክል የሚጽፍ አንባቢ ጥቂት ነውና።

ትርጉም ሥራዎችም አሉ። በዲዊ ደንብ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ልብ ወለድ በመነሻ ቋንቋው 823 (የአሜሪካ ከሆነ 813) ነው የሚቀመጠው። አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ግን የእንግሊዝኛ መደርደሪያ አጠገብ አይደርስም። ደንቡን መጠበቅም፣ ትርጉሞችን ወደ አማርኛው ማምጣትም ይቻላል፤ የማይቻለው ማክሰኞ እንዲህ ሐሙስ እንዲያ ማድረግ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፤ የውሳኔ መዝገብ ይኑር፤ ቀኑ፣ ጉዳዩ፣ ውሳኔው፣ ምሳሌው፣ በአራት ዓምድ።

ሥራን በቁጥር ብቻ መለካት

«በቀን ስንት መጽሐፍ?» ተብሎ ብቻ የሚጠየቅ ሠራተኛ ቀጫጭኑን፣ ቅጂ የሚጨመርበትንና ሪከርዱ የሚወርድለትን መርጦ ያነሳል። ግእዙ፣ የዐረብኛው፣ ሽፋኑ የጠፋው፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርቱ ከካርቶኑ ሥር ይቀራል፤ በዓመቱ መጨረሻ ቁጥሩ ያማረ፣ ካርቶኑ የከበደ ይሆናል። ቀላሉንና ከባዱን ቀላቅለው 25 መጽሐፍ በአንድ ጋሪ ያድርጉ፤ ጋሪው ሳያልቅ ሌላ አይነሳ። በሳምንታዊው ቅጽም አዲስ ሪከርድ፣ የወረደ ሪከርድና ተጨማሪ ቅጂ ለየብቻ ይቆጠሩ፤ ሦስቱ እኩል ድካም የላቸውም።

ሁሉንም መከለስ፣ ወይም ምንም አለመከለስ

ሁሉንም ሪከርድ ራሱ የሚያይ ኃላፊ ጠረጴዛው ማነቆ ይሆናል። ምንም የማያይ ደግሞ ስህተቱን ከአንባቢው ይሰማል። ለአዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹ 100 ሪከርዶች ሁሉ ይታዩ፤ ከዚያ ከአሥር አንድ ይበቃል። ክለሳው ግን ስክሪን ላይ ብቻ አይሁን። በሳምንት አንድ ቀን ከተጠናቀቀው ጋሪ 20 መጽሐፍ ያንሱና ባርኮዱን ስካን ያድርጉ፤ የተከፈተው ርእስ እጅዎ ላይ ያለው ነው? በጎን ያለው የጥሪ ቁጥር ከስክሪኑ ጋር አንድ ነው? ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መጻሕፍት ባርኮድ ሲለዋወጥ አንባቢው ያልወሰደውን መጽሐፍ «አልመለስክም» ይባላል።

ፕሮሰሲንግን «ማንም ይሠራዋል» ማለት

ማህተም ሦስት ቦታ ይመታል፤ ከርእስ ገጹ ጀርባ፣ ሁልጊዜ በማይለወጥ አንድ የውስጥ ገጽ (ለምሳሌ 21) እና በመጨረሻው ገጽ። ጽሑፍና ሥዕል ላይ አይመታም። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ቀለሙ ቶሎ ስለማይደርቅ ቁራጭ ወረቀት ሳይጣልበት መጽሐፉ አይዘጋ።

የጎን ሌብል ከታች 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሁሉም መጽሐፍ እኩል ይለጠፍ፤ በካርቶን የተቆረጠ መለኪያ ለያንዳንዱ ሠራተኛ ይሰጥ። የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ቀጭን ናቸው፤ ጎኑ ከ1 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ሌብሉ ተጠምዝዞ ቁጥሩ ይቆረጣል፤ የፊት ሽፋኑ ታችኛ ግራ ጥግ ላይ ይሁን። በላዩ ተራ ስኮች አይለጠፍ፤ ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ይወጣል፣ አጎራባቹን መጽሐፍ ይይዛል። የተገነጠለ ገጽም በስኮች ሳይሆን በነጭ ኮላ ይያዛል።

ባርኮድ ሲያሳትሙ በሙቀት ብቻ የሚታተመውን ስቲከር አይግዙ፤ እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ ይነጣል፣ በተለይ መስኮት አጠገብ። በሌዘር ወይም በሪባን የሚታተመው ይቆያል። ስቲከሩን አጥብቆ መቁረጥም ሌላ ጥፋት ነው፤ ከመስመሮቹ ግራና ቀኝ ነጭ ቦታ ካልቀረ ስካነሩ አያነበውም። ባርኮዱ ከውጭ ይለጠፍ፤ ዓመታዊ ቆጠራ ላይ እያንዳንዱን መጽሐፍ መክፈት አያስፈልግም።

ከንብረት ክፍል ተለይቶ መሥራት

በመንግሥት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ የሚደረግ ንብረት ነው። የተለመደው ስህተት የአክሰሽን ቁጥርን (የንብረት መዝገብ ተራ ቁጥርን) ለርእስ መስጠት ነው፤ አምስት ቅጂ ከገባ አምስት ቁጥር ይሰጣል። በአክሰሽን መዝገቡ ላይ የሞዴል 19 ቁጥርና ዋጋ፣ በ952 ላይም ዋጋው ካልተጻፈ አንባቢ መጽሐፍ ሲጠፋበት ምን ያህል እንደሚከፍል የሚናገር ሰነድ አይኖርም። በወር አንድ ጊዜ ሦስቱን፣ ሞዴሉን፣ መዝገቡንና ኮሃን፣ በብዛት ብቻ እንኳ ያመሳክሩ። ኦዲት ሲመጣ በሁለት ዓመት የተከማቸ ልዩነት ከመፈለግ የወር ልዩነት መፈለግ ይቀላል።

ስጦታም ያለ ሞዴል አይግባ፤ ዋጋው በግምት ይሞላል። ግን ከዚያ በፊት ይመረጥ። በካርቶን የመጣ ሁሉ ወደ ካታሎግ ጠረጴዛ ከሄደ ሠራተኞችዎ የ1990ዎቹን የኮምፒውተር መማሪያ ሲመዘግቡ፣ መስከረም ላይ ተማሪው የሚፈልገው የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ በካርቶን ታሽጎ ይቆያል።